የደም ቅዳ ግትርነት ልኬት ምን ያህል ይታመናል? በጤነኛ አዋቂዎች ላይ አስተማማኝነትን ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

የደም ቅዳ ግትርነትን በጤነኛ ሰው ላይ መለካት ከሕመምተኛ ይልቅ የሚቀል ይመስላል። ልቡ ሳይዛነፍ ይመታል፣ ትርታው በጣት ሲፈለግ ወዲያው ይገኛል፣ ሰውየውም አልጋው ላይ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። ጤነኞች እርስ በርሳቸው በጣም ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው እውነተኛ ልዩነት ትንሽ በመሆኑ መሣሪያው፣ የለኪው እጅና የዕለቱ ሁኔታ የሚጨምሩት ስህተት በቀላሉ ይውጠዋል። ስለዚህ «መሣሪያችን አስተማማኝ ነው» ብሎ አንድ የተዛምዶ ቁጥር መጻፍ አይበቃም። መነገር ያለበት ስህተቱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው መሣሪያው በእጁ ላለ፣ ነገር ግን የሚያነበውን ቁጥር ምን ያህል ማመን እንዳለበት ገና ላላወቀ ሰው ነው፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ለክሊኒክ ተመራማሪ ወይም ለስፖርት ሳይንስ ባለሙያ። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ስለሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድና የተሳታፊው የጽሑፍ ስምምነት ከሁሉም በፊት ይቀድማሉ፤ ወደዚያ ዝርዝር አልገባም።

የሚለካውን ነገር መለየት

ልብ ደም በገፋ ቁጥር በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የግፊት ሞገድ ይሮጣል። ሞገዱ ከደሙ ፍሰት እጅግ ይፈጥናል። ግድግዳው ለስላሳና ተለጣጭ ከሆነ ሞገዱ ይዘገያል፣ ግትር ከሆነ ይፈጥናል። ይህን ግንኙነት ሞንስ እና ኮርተቬግ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1878 በቀመር አስቀምጠውታል፦ የፍጥነቱ ካሬ ከግድግዳው የመለጠጥ ጥንካሬና ውፍረት ጋር አብሮ ያድጋል፣ ከቧንቧው ስፋትና ከደሙ እፍጋት ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል።

በተግባር የምንለካው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ርቀትና ጊዜ። በአንገት ላይ ባለው ደም ቅዳና በብሽሽት ላይ ባለው ደም ቅዳ ትርታው የሚደርስበትን ጊዜ መዝግበን በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለጊዜው ልዩነት እናካፍላለን። ይህ የአንገት–ብሽሽት የትርታ ሞገድ ፍጥነት ይባላል፤ ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ጥገና ከሚደረጉት ልኬቶች ዋናው ማመሳከሪያ ተደርጎ የሚወሰደውም እሱ ነው። ከ30 ዓመት በታች ባሉ ጤነኞች አማካዩ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 70 ዓመት ካለፉት ጋር ሲደረስ ወደ 11 ይጠጋል። ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅለት የሚያሳይ አንድ ቁጥር ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር በጨመረ ቁጥር የልብና የደም ሥር ሕመም አደጋ በ14 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። እንግዲህ የእኛ ስህተት ራሱ 1 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ምን ቀረን?

ሌሎች ልኬቶችም አሉ። አንዳንዱ መሣሪያ ክንድና ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰሩ ማሰሪያዎች ይሠራል፤ ቀላል ነው፣ ነገር ግን የሚያካትተው የእጅና የእግር ደም ቅዳዎችን ጭምር ስለሆነ ከአንገት–ብሽሽቱ ጋር አንድ አይደለም። ሌላው በአልትራሳውንድ የአንገትን ደም ቅዳ ስፋት በየምቱ እየተከተለ የአንድን ቦታ ግትርነት ያሰላል። የክንድ ማሰሪያ ብቻ ይዘው የአውርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ) ፍጥነት «የሚነግሩ»ም አሉ። ስለ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከወዲሁ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አንዳንዶቹ ፍጥነቱን በቀጥታ አይለኩትም፤ ከተመዘገበው ዕድሜና ከላይኛው የደም ግፊት ተነስተው ይገምቱታል። ዕድሜ በአንድ ሳምንት ስለማይለወጥ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ጋር እጅግ ይመሳሰላል፣ አስተማማኝነቱም አስደናቂ ሆኖ ይታያል። የተደገመው ግን ስሌቱ ነው፤ የደም ቅዳው ሁኔታ አልተለካም። የመሣሪያዎ መመሪያ ቀመሩ ውስጥ ዕድሜ እንደሚገባ የሚናገር ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ቆም ብለው ያስቡ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ወስኑ

«አስተማማኝ ነው ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ተደብቀውበታል። ያው ሰው በዚያው ቀጠሮ፣ መሣሪያው ተነስቶ እንደገና ሲቀመጥ ውጤቱ ይደገማል? በሌላ ቀን ሲመጣስ? ሌላ ለኪ ቢለካውስ?

የመጀመሪያው የቴክኒክ ስህተትን ያሳያል። ሁለተኛው በዚያ ላይ የሰውነትን የቀን ከቀን መለዋወጥ ይጨምራል። ሦስተኛው የእጅ ልዩነትን ያስገባል። ለስድስት ወር የሥልጠና ወይም የአመጋገብ ጥናት የሚዘጋጅ ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም ብዙዎች የመጀመሪያውን ለክተው ለሁለተኛው ይጠቀሙበታል። በአንድ ቀጠሮ የተገኘ ጥሩ ውጤት ስለ ቀጣዩ ሳምንት ምንም ዋስትና አይሰጥም።

የሚቻል ከሆነ ሦስቱንም በአንድ ንድፍ ያካትቱ፦ እያንዳንዱ ተሳታፊ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይመጣል፣ በየቀኑ ሁለት ለኪዎች ይለኩታል፣ እያንዳንዱ ለኪ ሁለት ጊዜ። እንዲህ ሲሆን ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ መነጠል ይቻላል፤ ይህ መነጠል ኋላ ላይ ብዙ ድካም ያድናል። በሁለቱ ቀናት መካከል ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ሰውየው ራሱ ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ የመሣሪያውን ስህተትና የሰውየውን ለውጥ መለየት አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ተሳታፊዎቹን መምረጥ

«ጤነኛ» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ይበይኑት። የታወቀ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም የሌለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የማይወስድ፣ የማያጨስ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ የደም ግፊቱ ከ140/90 በታች የሆነ ማለት የተለመደ አነሳስ ነው። የልብ ምት መዛባት ያለበትን አያካትቱ፤ ምቱ ሲዛባ የጊዜው ስሌት ትርጉም ያጣል። የአንገት ደም ቅዳው መጥበቡ የሚታወቅ ሰውም አንገቱ ላይ መጫን የለበትም። የማንንም ቢሆን ሁለቱን የአንገት ደም ቅዳዎች በአንድ ጊዜ አይጫኑ።

ዕድሜ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። መሣሪያውን ወደፊት ከ20 እስከ 30 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ የሚጠቀሙበት ከሆነ በእነሱ ላይ ይፈትሹት። ከ20 እስከ 70 ያሉትን ቀላቅሎ መፈተሽ ውጤቱን ያሳምረዋል፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ በቁጥር አሳያለሁ።

ስንት ሰው? አሥር ሰው አይበቃም። የስምምነት ወሰን የሚባለው (የሁለት ልኬቶች ልዩነት በአብዛኛው የሚያርፍበት ክልል) ግምት ራሱ ስህተት አለው፤ በሁለቱ ቀናት ልዩነት ላይ ያለው መደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው የሚራራቁበት መጠን) 0.6 ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ በ10 ሰው የተሰላ ወሰን በ0.64 ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። በ30 ሰው ይህ ወደ 0.37፣ በ50 ወደ 0.29፣ በ100 ወደ 0.20 ይወርዳል። እኔ ከ50 በታች ባልጀምር እመርጣለሁ። መሣሪያን ከሌላ መሣሪያ ጋር አወዳድሮ ማረጋገጥ ከሆነ ዓላማው ግን ሌላ ሕግ አለ፦ አርተሪ ሶሳይቲ የተባለው የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 85 ሰው ይጠይቃል፣ በሦስት የዕድሜ ክልሎችም እንዲከፋፈሉ ያዝዛል።

ደረጃ 3፦ ሰውየውንና ክፍሉን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ የሚዘናጋ ሰው በኋላ በስታቲስቲክስ የሚያድነው ነገር የለም። ግትርነት እንደ ቁመት ጸንቶ የሚቆም ነገር አይደለም። የደም ግፊት ከፍ ሲል ግድግዳው ይወጠራል፣ ሞገዱም ይፈጥናል፤ የደም ቅዳው አሠራር ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የልብ ምት፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ምግብ፣ ብርድ፣ ድንጋጤና ገና የተሠራ ስፖርት ሁሉ እጃቸውን ያስገባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት የሚጠይቀው መነሻ ቀላል ነው፦ ጸጥ ያለና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ክፍል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ ማረፍ፣ ከልኬቱ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ከምግብ፣ ከካፌይንና ከማጨስ መታቀብ። እኔ በዚህ ላይ አልኮልን ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ፣ ከባድ ስፖርትን ደግሞ ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ እንዲተዉ እጠይቃለሁ። በልኬቱ ወቅት ማውራትም እንቅልፍም የለም። እንቅልፉን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሞቅ ያለ ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ለደቂቃዎች የተጋደመ ወጣት እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። አልፎ አልፎ ዓይኑን ይመልከቱ።

ሁለቱ ቀጠሮዎች በቀኑ ያው ሰዓት ላይ ይሁኑ። ሴት ተሳታፊዎች የወር አበባ ዑደታቸው የትኛው ቀን ላይ እንደሆኑና የሆርሞን መከላከያ እንደሚወስዱ ይመዝገብ። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት የደም ግፊትና የልብ ምት ተለክቶ ይጻፍ፤ ይህ እንደ ተጨማሪ ጌጥ የሚታይ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ፍጥነቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ግፊቱስ?» መሆን አለበት፣ መልሱም ወረቀቱ ላይ መገኘት አለበት።

የመጀመሪያ ቀን ፍርሃትን አይናቁ። ነጭ ጋወን ያየ፣ ብሽሽቱ ላይ መሣሪያ እንደሚደረግ የሰማ ሰው ልቡ ይመታል። ከዋናው ልኬት በፊት አንድ ጊዜ አምጥቶ ማለማመድ፣ ካልተቻለም በመጀመሪያው ቀን አንድ የማይቆጠር ልኬት ማድረግ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን መለካት

ብዙ ሰው ሰዓቱን ሁሉ ለሞገዱ ሰጥቶ ርቀቱን በሦስት ሰከንድ ይጨርሳል። የፍጥነቱ ግማሽ ግን ርቀት ነው።

ከአንገቱ ነጥብ እስከ ብሽሽቱ ነጥብ ያለውን ቀጥታ ርቀት ለክተው በ0.8 ያባዙ፤ የ2012ቱ ስምምነት የደነገገው ይህንን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሞገዱ ወደ አንገት በሚወጣበት ጊዜ ሌላው ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ በገላ ላይ የሚለካው ሙሉ ርቀት ከእውነተኛው የጉዞ ርቀት ይበልጣል። በግትርነት ላይ የሚጠቀሰው የአደጋ ወሰን ቀድሞ 12 ሜትር በሰከንድ የነበረውና ወደ 10 የወረደው በዚሁ ማስተካከያ ነው። የቆዩ ጽሑፎችን ከራስዎ ውጤት ጋር ሲያነጻጽሩ የትኛው ርቀት እንደተወሰደ ካላዩ፣ የ20 በመቶ ልዩነት በአንድ መስመር ዘዴ ብቻ ይፈጠራል።

የመለኪያ ሜትሩ በሆድና በደረት ላይ ተጠማዝዞ መተኛት የለበትም። ወፍራም ሰው ላይ ወይም ትልቅ ጡት ባላት ሴት ላይ ሜትሩ ቅርጹን ተከትሎ ርቀቱን ያስረዝማል። ሜትሩን ከገላው በላይ ወጥሮ መያዝ፣ ወይም እንደ ቁመት መለኪያ ቀጥ ያለ ተንሸራታች መሣሪያ መጠቀም ይሻላል። ነጥቦቹን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ይድገሙ። በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት 2 በመቶ ነው፤ በ6 ሜትር በሰከንድ ላይ 0.12 ይሆናል። ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን አይደለም።

አንድ ውሳኔ እዚህ ጋር ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ርቀቱ እንደገና ይለካ ወይስ የመጀመሪያው ይወሰድ? የአዋቂ ቁመት ስለማይለወጥ አንድን ሰው ለረጅም ጊዜ ለመከታተል የመጀመሪያውን ርቀት ደግሞ መጠቀም ተገቢ ነው። አስተማማኝነትን ለመፈተሽ ከሆነ ግን እንደገና ይለኩ፣ ያለፈውንም ቁጥር አይዩ። ያለበለዚያ ከስህተቱ አንዱን ክፍል ሳይፈትኑት አሳለፉት ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ሞገዱን መቅረጽ

ሁልጊዜ በአንድ ጎን፣ በተለምዶ በቀኝ በኩል ይሥሩ። ትርታውን በጣት ፈልገው የበረታበት ነጥብ ላይ ዳሳሹን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ። በጣም ከተጫኑ ቅርጹ ይበላሻል፣ ከቀለለም ሞገዱ ይጠፋል። ትክክለኛው ጫና የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው፤ አዲስ ለኪ ዋናው ጥናት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የራሱ ተደጋጋሚ ንባቦች እስኪቀራረቡ ድረስ በሌሎች ሰዎች ላይ ይለማመድ።

አንዳንዱ መሣሪያ አንገቱንና ብሽሽቱን በአንድ ጊዜ ይቀርጻል። ሌላው በተራ እየቀረጸ ሁለቱን ከልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ጋር ያስተያያል። በተራ የሚቀርጽ ከሆነ በሁለቱ መካከል ጊዜ አይባክን፤ የልብ ምቱ ከተለወጠ የተያያዙት ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ይሆናሉ። ቢያንስ አሥር ያህል የልብ ምት ይቀረጽ፣ አንድ ሙሉ የትንፋሽ ዑደትን እንዲሸፍን።

የሞገዱ «እግር» የሚባለው፣ መውጣት የሚጀምርበት ነጥብ፣ በምን ስሌት እንደሚገኝ ይወቁ። ሁለት መሣሪያዎች ያንኑ ሞገድ ይዘው በተለያየ ስሌት የተለያየ ፍጥነት ይሰጣሉ፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። በጥናቱ መካከል ሶፍትዌሩ ራሱን እንዳያድስ ኢንተርኔቱን ይዝጉበት።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር ይታይ። ርቀቱ 0.5 ሜትር፣ ጊዜው 80 ሚሊሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ 6.25 ይሆናል። በ5 ሚሊሰከንድ ከተሳሳትንና 75 ካነበብን 6.67 ይሆናል፤ ልዩነቱ 0.42። አሁን ደም ቅዳው የጠጠረ፣ ጊዜው 50 ሚሊሰከንድ የሆነ ሰው እንውሰድ፤ ፍጥነቱ 10 ነው። ያችው የ5 ሚሊሰከንድ ስህተት 11.1 ታደርገዋለች። ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው፤ ትንተናው ላይ ይህንን አንረሳውም።

በየቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ንባብ ይወሰድ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ0.5 ሜትር በሰከንድ ከበለጠ ሦስተኛ ተለክቶ የመካከለኛው ዋጋ ይወሰዳል። ለኪው ያለፈውንም ሆነ የሌላውን ለኪ ቁጥር ማየት የለበትም። ማያ ገጹ ቁጥሩን ወዲያው የሚያሳይ ከሆነ በወረቀት ይሸፍኑት፤ ቀልዴን አይደለም። የፈለገውን ቁጥር ያየ እጅ ሳያውቀው እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 6፦ የተበላሸውን ቅጂ መያዝ

የትኛው ቅጂ እንደሚጣል ልኬቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን፤ ለምሳሌ በምቶቹ መካከል ያለው የጊዜ ልይይት ከአማካዩ 10 በመቶ ሲበልጥ። ከዚያ የተጣለውን ሁሉ ይቁጠሩና ያስታውቁ። ውጤቱ ካማረ በኋላ «ይህኛው ጥሩ አልተቀዳም» እያሉ መጣል አስተማማኝነትን የሚያሳድግ እጅግ ርካሽ መንገድ ነው፤ በሪፖርቶች ውስጥም በጭራሽ አይታይም። ትርታቸው ያልተገኘላቸው ሰዎችም ይቆጠሩ። ከአምስት ሰው በአንዱ የማይሠራ መሣሪያ በቀሩት አራቱ ላይ ፍጹም ቢሆንም ሙሉ ታሪኩ ያ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹን መተንተን

ከማናቸውም ስሌት በፊት ሥዕል ይሳሉ። በአግድም የሁለቱን ቀን አማካይ፣ በቁም ልዩነታቸውን። ብላንድ እና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቁት ይህ ሥዕል ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጥ ይናገራል። ነጥቦቹ ከዜሮ በላይ ወይም በታች ተሰብስበው ከሆነ ወጥ የሆነ መዛነፍ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ከፍ ካለ ፍርሃቱን ያስታውሱ። ወደ ቀኝ ሲሄዱ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጉ ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ነው፤ ያኔ ሎጋሪዝም ወስዶ ስህተቱን በመቶኛ መግለጽ ይገባል።

ከዚያ የልዩነቶቹን አማካይና መደበኛ ልይይት ያስሉ። አማካዩ ሲደመርና ሲቀነስ 1.96 ጊዜ መደበኛ ልይይቱ የስምምነት ወሰኑን ይሰጣል። መደበኛ ልይይቱን በ1.414 ሲያካፍሉ የአንድ ልኬት ስህተት ይገኛል። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት 0.6 ቢሆን የአንድ ልኬት ስህተት 0.42፣ በአንድ ሰው ላይ የሚታመነው ዝቅተኛ ለውጥ ደግሞ 1.96 ጊዜ 0.6፣ ማለትም 1.18 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ለውጥ ያሳየ ግለሰብ «ተሻለው» ወይም «ባሰበት» ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ተዛምዶው። በተለምዶ አይሲሲ ተብሎ የሚጠራው ቁጥር በሰዎች መካከል ያለው እውነተኛ ልይይት ከጠቅላላው ልይይት ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። በላይኛው ምሳሌ የስህተቱ ልይይት በካሬ 0.18 ነው። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ወጣት ጤነኞች ቢሆኑና በመካከላቸው ያለው እውነተኛ መደበኛ ልይይት 0.7 ቢሆን፣ በካሬ 0.49 ስለሆነ አይሲሲው 0.49 ለ0.67 (0.49 ሲደመር 0.18)፣ ማለትም 0.73 ይሆናል። ያው መሣሪያ፣ ያው ለኪ፣ ያው ስህተት ሆኖ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 70 የተዘረጋ ሰዎች ቢለኩና መደበኛ ልይይታቸው 1.5 ቢሆን፣ 2.25 ለ2.43፣ ማለትም 0.93 ይሆናል። በተለመደው አከፋፈል፣ ከ0.5 እስከ 0.75 መካከለኛ፣ ከ0.75 እስከ 0.9 ጥሩ፣ ከ0.9 በላይ እጅግ ጥሩ ይባላል። ምንም ሳይሻሻል ከ«መካከለኛ» ወደ «እጅግ ጥሩ» ዘለልን። በጤነኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አይሲሲያቸው ዝቅ ብሎ ሲገኝ መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት ይህንን ማየት ያስፈልጋል፤ ከፍ ብሎ ሲገኝም የተሳታፊዎቹን የዕድሜ ስፋት ሳያዩ መደሰት የለም።

ስለዚህ አይሲሲን ከጻፉ የትኛውን ዓይነት እንዳሰሉ ይግለጹ፦ ፍጹም ስምምነትን ወይስ ቅደም ተከተልን ብቻ የሚያይ፣ ለአንድ ንባብ ወይስ ለብዙ ንባቦች አማካይ የተሰላ። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉንም ይጨምሩ፤ ታችኛው ጫፉ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቁጥር ይልቅ እውነት ይናገራል። ተራውን የፒርሰን ተዛምዶ ግን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። አንዱ ለኪ ሁልጊዜ ከሌላው በ1 ሜትር በሰከንድ ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ ፒርሰን 1 ብሎ ያጨበጭብለታል።

ስህተቱን ወደ ምንጮቹ የነጠሉ ከሆነ አሁን ጥቅሙን ያገኛሉ። አብዛኛው ስህተት በአንድ ቀጠሮ ውስጥ ባሉ ንባቦች መካከል ከሆነ ንባቦችን መጨመር ይረዳል። ከቀን ወደ ቀን ባለው መለዋወጥ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አሥር ጊዜ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ ሌላ ቀን መጨመር ነው ያለበት። በለኪዎች መካከል ከሆነ አንድን ተሳታፊ እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ይለካው።

የግፊት ጭማሪን ለሚለኩ

ከትርታው ቅርጽ የሚሰላውና ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ በግፊቱ ላይ የሚጨምረውን የሚያሳየው መቶኛ ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። የሚወሰነው በግትርነት ብቻ አይደለም፤ ቁመት፣ ጾታና የልብ ምት በኃይል ይነኩታል። በዚህም የተነሳ ወደ ደቂቃ 75 ምት ተስተካክሎ ይቀርባል።

ወጣት ጤነኞች ላይ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከዜሮም በታች ይወርዳል። ብዙዎች ሳያስተውሉ እዚህ ላይ ስህተቱን ለአማካዩ አካፍለው በመቶኛ ያቀርባሉ። አማካዩ 2 ሲሆንና ስህተቱ 4 ሲሆን 200 በመቶ ይወጣል፤ አማካዩ ዜሮ ከሆነማ ስሌቱ ራሱ ይፈርሳል። ስህተቱን በራሱ አሃድ፣ «ይህን ያህል የመቶኛ ነጥብ» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ሥራ ላይ ማዋል

መሣሪያዎን ከማመሳከሪያው ጋር ካወዳደሩ ለፍርድ የሚሆን መስፈሪያ አለ፤ የ2010ሩ የአርተሪ ሶሳይቲ መመሪያ አማካይ ልዩነቱ ከ0.5 ሜትር በሰከንድ ያልበለጠ፣ መደበኛ ልይይቱም ከ0.8 ያልበለጠ ሲሆን እጅግ ጥሩ ይለዋል። ልዩነቱ 1.0 ከደረሰ ወይም ልይይቱ ከ1.5 ካለፈ ደካማ ነው። ለድግግሞሽ ፈተና ግን መስፈሪያው የሚመጣው ከራስዎ ጥያቄ ነው፦ ሊያዩት የሚፈልጉት ለውጥ ምን ያህል ነው?

በግለሰብ ላይ 1.18 የሆነ ዝቅተኛ ለውጥ የሚያስደነግጥ ቢመስልም ለቡድን ጥናት በር አይዘጋም፤ የቡድን አማካይ ስህተት ሰው ሲበዛ ይቀንሳል። በፊትና በኋላ በሚለካ አንድ ቡድን ላይ 0.3 ሜትር በሰከንድ የሆነ አማካይ ለውጥ በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት፣ የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት 0.6 ከሆነ ወደ 34 ሰው ያስፈልጋል። ዝግጅቱ ተዝረክርኮ ልይይቱ ወደ 0.9 ከፍ ካለ ከ70 ሰው በላይ ይጠይቃል። ለአሥር ደቂቃ ዕረፍትና ለሁለተኛ የርቀት ልኬት ጊዜ የለም የሚል ቡድን ቀሪዎቹን ተሳታፊዎች ከየት እንደሚያመጣ ከአሁኑ ያስብበት።